መውጣት ወይስ መቆየት? ከኅብረት ስለመለየት ድምፅ ለሚሰጥ ሰው የንጽጽር መመሪያ

የአጎቴ ልጅ የሚኖረው ግላስጎው ነው። ከጎንደር ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የብሪታንያ ዜግነትም ወስዷል። በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ከኅብረት ስለመውጣት ድምፅ ሰጥቷል። አንዴ ስኮትላንድ ከብሪታንያ ትለይ ወይ ተብሎ፣ አንዴ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይ ተብሎ። ሁለቱንም ጊዜ እሱና ሚስቱ የመረጡት የተለያየ ነው። በቅርቡ ደውሎ "ሦስተኛው ቢመጣስ? ምኑን ከምን አመዛዝኜ ልወስን?" አለኝ።

እዚህም ጥያቄው ሩቅ አይደለም። ፒያሳ ቡና ላይ አራት ሰው ከተቀመጠ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንቀጽ 39 ላይ ያርፋል። አንዱ "መለየት መብት ነው" ይላል። ሌላው "አገር አይቆረስም" ይላል። ድምፅ ከፍ ይላል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ሁሉም ይበተናል። ማንም ማንንም አላሳመነም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የምንከራከረው ስለተሰማን ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ ቆጠራው ባለቀ ማግሥት ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላየሁም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለእሱም፣ ለፒያሳ ጓደኞቼም ጻፍኩት። "ውጡ" ወይም "ቆዩ" አይልም። መመዘኛ ያስቀምጣል፤ በእውነት የተካሄዱ ሕዝበ ውሳኔዎችን በዚያ ይለካል፤ ከዚያ ለየሰዉ እንደ ሁኔታው ምክር ይሰጣል። የውጭዎቹን ቀኖች በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንንና የኤርትራን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

መጀመሪያ መመዘኛው

ቅዳሜ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ብሩን የሚቆጥረው ከዚያ በኋላ ነው። የልጆቹን ዜግነት የሚወስን ድምፅ ደግሞ ከበሬ የበለጠ ምርመራ ይፈልጋል። እኔ የምጠይቃቸው ስድስት ነገሮች ናቸው።

1. ጥያቄው ግልጽ ነው? አንድ አረጋዊ አንዴ ሰምተው ሊደግሙት ይችላሉ?
2. ማን ይመርጣል? እዚያው የሚኖር ሁሉ ነው ወይስ ተወላጁ ብቻ? ውጭ ያለውስ?
3. ለመለየት ስንት ድምፅ ይበቃል? ግማሽ ሲደመር አንድ ነው ወይስ ከዚያ በላይ? ዝቅተኛ የመራጭ ቁጥርስ ተቀምጧል?
4. የማግሥቱ ሰነድ አለ? ገንዘቡ፣ ድንበሩ፣ ዜግነቱ፣ ጡረታው፣ ዕዳው፣ ወደቡ ወይም ቧንቧው የማን እንደሚሆን ተጽፏል? ሌላው ወገንስ ፈርሞበታል?
5. ድንበር ላይ የሚኖረውና ቤተሰቡ ከሁለት የተከፈለው ሰው ምን ይሆናል?
6. ቢቆጭስ? መመለሻ መንገድ አለ?

ስድስቱ እኩል ክብደት የላቸውም። ለእኔ አራተኛው ሌሎቹን ሁሉ ይበልጣል። ለምን እንደሆነ ከታች ያሉት ታሪኮች ያሳያሉ።

ኤርትራ፣ 1985 ዓ.ም.

ከሁሉም የሚቀርበን ይሄ ነው። ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ በ1945 ዓ.ም. መባቻ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች። ፌዴሬሽኑ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፈረሰ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ጦርነት ሆነ። ሕዝበ ውሳኔው ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ተካሄደ፤ የተባበሩት መንግሥታት ታዘበው። ጥያቄው ኤርትራ ነፃና ሉዓላዊ አገር እንድትሆን ትፈልጋለህ ወይ የሚል ነበር። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። 99.8 በመቶው አዎ አለ።

በመጀመሪያው መመዘኛ ካየነው፣ ጥያቄው ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም። በሦስተኛውም ምንም ዓይነት ወለል፣ ማለትም ዝቅተኛ የድምፅ መጠን፣ ቢቀመጥ ያልፍ ነበር። ጣጣው የመጣው ከአራተኛው ነው። ድንበሩ መሬት ላይ አልተሰመረም። ኤርትራ ከነፃነቷ በኋላም ለዓመታት በብር ስትገበያይ ቆይታ በ1990 ዓ.ም. ናቅፋን አወጣች፤ ሁለቱ ገንዘቦች በምን እንደሚመነዘሩ፣ የድንበሩ ንግድ በምን እንደሚከፈል ስምምነት ጠፋ። በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነቱ በባድመ ተጀመረ። እስከ ሰኔ 1992 ዓ.ም. ቆየ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ።

በሁለተኛው መመዘኛ ውስጥ የተደበቀ ሌላ ነገርም አለ። ብዙ ሰው የማያነሳው ይሄን ነው። ለመምረጥ የኤርትራ ዜግነት መታወቂያ ማውጣት ያስፈልግ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልደው ያደጉ፣ ሥራቸውም ትዳራቸውም እዚሁ የሆነ ሰዎች መታወቂያውን ወስደው መረጡ። ያኔ የከለከላቸው የለም። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ያ ድምፅ "የሌላ አገር ዜግነት ወስደዋል" የሚል ማስረጃ ሆነ። በአሥር ሺዎች ተባረሩ። ከወዲያም ኢትዮጵያውያን እየተባረሩ መጡ።

የእናቴ ታናሽ እህት አሰብ ነበር የምትኖረው። ባለቤቷ ወደቡ ላይ ይሠራ ነበር። በ1990 ዓ.ም. አንድ ሻንጣና ሁለት ልጆች ይዛ ጎንደር እናቴ ቤት ገባች። ድምፅ አልሰጠችም፤ የጠየቃትም አልነበረም። የቤቷ ቁልፍ ግን ለብዙ ዓመት ከመቀነቷ አልተለየም። ስለ ሕዝበ ውሳኔ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሷ ናት። አምስተኛውን መመዘኛ የጻፍኩትም በእሷ ምክንያት ነው።

መመለሻውስ? የአልጀርሱ ስምምነት በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ተፈረመ። የሁለቱ መንግሥታት ዕርቅ ግን እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ቆየ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የሑመራና የኦምሓጀር መንገድ ሲከፈት ከዚህ የሄዱ ሰዎች ዘመድ አቅፈው አልቅሰዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ተዘጋ።

ደቡብ ሱዳን፣ 2011

መተማ ላይ የሚነግድ ሰው ሱዳንን ያውቃል፤ ይሄም ሩቅ አይደለም። በ2005 የተፈረመው የሰላም ስምምነት ደቡቡ ከስድስት ዓመት በኋላ እንዲወስን ፈቀደ። ድምፁ ከጥር 9 እስከ 15 ቀን 2011 ተሰጠ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሥዕል ነበር። የተጨባበጡ ሁለት እጆች አንድነት ናቸው፤ የተነሳ አንድ እጅ መለየት ነው። ፊደል ያልቆጠረም ይለየዋል። ቢያንስ 60 በመቶው የተመዘገበ መራጭ ካልመጣ ውጤቱ አይጸናም የሚል ሕግ ነበር። 98.83 በመቶ መለየትን መረጠ። ሐምሌ 9 ቀን 2011 አዲስ አገር ተወለደ።

አሁንም ወደ አራተኛው እንምጣ። አብዛኛው ነዳጅ ያለው ደቡብ ነው። ቧንቧው ግን በሰሜን አልፎ ፖርት ሱዳን ይደርሳል። የማስተላለፊያ ክፍያው ስንት ይሁን የሚለው ሳይቋጭ አገር ተመሠረተ። በጥር 2012 ደቡቡ ነዳጁን ዘጋ፤ የራሱን ዋና ገቢ ማለት ነው። አብዬ የምትባለው ግዛት በተመሳሳይ ቀን የራሷን ሕዝበ ውሳኔ ታካሂዳለች ተብሎ ነበር። ማን ይመርጣል የሚለው ላይ ስምምነት ስላልተገኘ ሳይካሄድ ቀረ። ካርቱም ለዘመናት የኖሩ ደቡቦችም ዜግነታቸውን አጡ። በታኅሣሥ 2013 ደግሞ ደቡቡ በራሱ ውስጥ ተዋጋ። ስደተኛው ጋምቤላን ሞላ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። 99.8 እና 98.83። ከዚህ የበለጠ ብልጫ ከየት ይመጣል? ሁለቱም ጦርነትን አላስቀሩም። "ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ከወሰነ አለቀ" የሚለው የፒያሳ ክርክር እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ፊት ለፊት ማየት አለበት።

ሞንቴኔግሮ፣ 2006

በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ ያለች ትንሽ አገር ናት፤ ስሟን እንኳ ብዙ ሰው አያውቀውም። ለእኔ ግን ከዝርዝሩ ሁሉ ብዙ የሚማሩባት እሷ ናት። ከሰርቢያ ጋር የነበራት ኅብረት በ2003 ሲመሠረት መውጫው በቻርተሩ ተጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ ማንኛውም ወገን ሕዝበ ውሳኔ ማድረግ ይችላል ተባለ። የአውሮፓ ኅብረት ገብቶ ወለሉን አስቀመጠ። ለመለየት 55 በመቶ ያስፈልጋል። ግንቦት 21 ቀን 2006 ሲቆጠር 55.5 በመቶ ሆነ። ያለፈችው በግማሽ ነጥብ ነው!

ግማሽ ነጥብ ሁለት ጎራ ያፋጃል ብሎ የሚፈራ ሰው ይኖራል። አላፋጀም። ሰርቢያ ተከትሎ በመጣው ሰኔ አጋማሽ እውቅና ሰጠች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወለሉን ሁለቱም ጎራ አስቀድመው ተቀብለውታል። ሞንቴኔግሮ ከድምፁ በፊት በዩሮ ነበር የምትገበያየው፤ ጉምሩኳም የተለየ ነበር። ቤቱ ውስጥ ዕቃው ቀድሞ ተከፋፍሎ ነበር ማለት ነው። ድምፁ የመጣው ለፊርማ ያህል ነው።

እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ሰርቢያ ውስጥ የሚኖሩ ሞንቴኔግሮዎች መምረጥ አልቻሉም፤ ያ ቅሬታ አስነስቷል። መራጩ ሕዝብ ግን ከ86 በመቶ በላይ ወጥቷል።

ኬቤክ፣ 1995

አጠር ላድርገው። ኬቤክ የካናዳ ክፍለ አገር ናት። ጥያቄው ረጅምና የተጠላለፈ ነበር። ሉዓላዊነትን ከካናዳ ጋር ከሚደረግ አጋርነት ጋር አያይዞ ይጠይቃል፤ ብዙ መራጭ አዎ ቢል በትክክል ምን እንደሚሆን አያውቅም ነበር። 50.58 በመቶ አይሆንም አለ፤ 49.42 አዎ። ከዚያ ካናዳ ተማረች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ1998 ግልጽ ጥያቄ ላይ ግልጽ ብልጫ ከተገኘ መንግሥት ለድርድር መቀመጥ ግዴታው ነው አለ። በ2000 ይሄው ሕግ ሆኖ ወጣ። መማር ማለት ይሄ ነው።

ስኮትላንድ፣ 2014

የአጎቴ ልጅ የመጀመሪያ ድምፅ። የለንደንና የኤድንብራ መንግሥታት በጥቅምት 2012 ተፈራረሙ። ውጤቱ ምንም ይሁን እናከብራለን አሉ። ጥያቄው "ስኮትላንድ ነፃ አገር መሆን አለባት?" የሚል ነው። ከ16 ዓመት ጀምሮ እዚያ የሚኖር ሁሉ መረጠ፤ ከሌሎች የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የመጣውም ጭምር። እንግሊዝ ውስጥ የሚኖር ስኮትላንዳዊ ግን አልመረጠም። የመለየት ጎራው ከ600 ገጽ በላይ የሆነ ሰነድ አሳተመ። ይሄን አደንቃለሁ። ሰው የሚከራከርበት ወረቀት እጁ ላይ ነበረ። 84.6 በመቶ መራጭ ወጣ። 55.3 በመቶ ይቆይ አለ፣ 44.7 ይውጣ።

ሰነዱ ግን ፓውንዱ ላይ ተንተባተበ። መለየት የሚፈልጉት "ፓውንዱን በጋራ እንጠቀማለን" አሉ። ለንደን "አንስማማም" አለች። የአጎቴ ልጅ ቤት የተነሳው ጠብ ይሄ ነበር። "ደመወዜ በምን ይከፈላል?" ይላል እሱ። "ከነፃነት በኋላ ይታያል" ትላለች ሚስቱ። ግላስጎው ከተማዋ በብልጫ መለየትን ነው የመረጠችው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከሚስቱ ጋር ሆነ።

ሌላም ጉድለት ነበር። መራጩ መሃለኛውን መንገድ፣ ማለትም ሳይወጡ ሰፊ ሥልጣን ማግኘትን፣ ወረቀቱ ላይ አላገኘም። ሥልጣኑ የተጨመረው በኋላ በ2016 በወጣ ሕግ ነው።

ብሪታንያ፣ 2016

ብሬግዚት። ሰኔ 23 ቀን 2016። 51.9 በመቶ ይውጣ፣ 48.1 ይቆይ። የመራጩ ተሳትፎ 72.2 በመቶ ነው።

መጀመሪያ የታሰበው ጥያቄ በአዎና በአይደለም የሚመለስ ነበር። የምርጫ ኮሚሽኑ ቃሉ ወደ አንድ ጎራ ያጋድላል ብሎ "አባል ሆና ትቆይ ወይስ ትውጣ" እንዲባል አስደረገ። ይሄ ጥሩ ሥራ ነው። መቆየት ምን እንደሆነ ሰው ያውቀዋል፤ ዛሬ ያለው ነው። መውጣት ግን አንድ ነገር አልነበረም። ከንግድ ቀጠናው ሳይወጡ ከኅብረቱ መውጣት አለ። ከሁሉም ጠቅልሎ መውጣት አለ። በመካከል ደግሞ ብዙ ዓይነት አለ። "ይውጣ" ያለው 17.4 ሚሊዮን ሰው ሁሉም በልቡ የተለያየ መውጣት ነበረው። ወረቀቱ ግን አንድ ሳጥን ብቻ ነው የሰጠው።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም አየን። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማግሥቱ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። መውጫውን የሚያስጀምረው የአውሮፓ ኅብረት ውል አንቀጽ 50 በመጋቢት 2017 ተጠየቀ። አንቀጹ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ነው፤ አልበቃም። ተተኪዋ ተደራድረው ያመጡትን ስምምነት ፓርላማው በ2019 ሦስት ጊዜ ጣለው። በመጨረሻ ጥር 31 ቀን 2020 ወጡ። ከድምፁ እስከ መውጫው ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ነው።

ድንበሩስ? ሰሜን አየርላንድ ከአየርላንድ ጋር 500 ኪሎ ሜትር ያህል የመሬት ድንበር አላት። የ1998ቱ የሰላም ስምምነት የቆመው ያ ድንበር ክፍት ስለሆነ ነው። በቅስቀሳው ወቅት በቂ ትኩረት ያላገኘው ይሄ ነገር በኋላ ድርድሩን ሁሉ ያነቀ ሆነ። ሰሜን አየርላንድ 55.8 በመቶ፣ ስኮትላንድ 62 በመቶ ይቆይ ብለው ነበር። አብረው ወጡ። አውቶቡስ ላይ ተጽፎ የዞረው "በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ እንልካለን" የሚለው ቁጥርም የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን አሳሳች ነው ያለው ነው። ትልቅ ቁጥር በትልቅ ፊደል ተጽፎ ሲያዩ የተመላሹን ሒሳብ ይጠይቁ።

በዚህኛው ደግሞ የአጎቴ ልጅ ይቆይ አለ፣ ሚስቱ ይውጣ። አብረው ሄደው መረጡ፤ አብረው ተመለሱ። ይሄን ነገር በጣም እወድላቸዋለሁ።

የእኛው አንቀጽ 39

ሕገ መንግሥቱ መንገዱን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። የፌዴራል መንግሥቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል። በድምፅ ብልጫ ይወሰናል። ከዚያ ሥልጣን ይተላለፋል፣ ንብረት በሕግ ይከፋፈላል።

ጥንካሬው ሁለት ነው። የምክር ቤቱ ወለል ከፍ ያለ ነው፤ ሦስቱ ዓመትም ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ድክመቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የንብረት ክፍፍሉ ከድምፁ በኋላ ተጽፏል። መራጩ ምን እንደሚከፈልና ለማን እንደሚደርስ ሳያውቅ ወደ ኮሮጆው ይሄዳል። ለሕዝበ ውሳኔውም ከተራ ብልጫ በላይ የሆነ ወለል የለውም። ሦስቱን ዓመት ለማግሥቱ ሰነድ ብንጠቀምበት ግን አንቀጹ ራሱ አይከለክልም። የምደግፈው ይሄን ነው፤ ለመለየት የሚፈልገውም፣ ለመቆየት የሚፈልገውም ሊደግፈው የሚችል ይመስለኛል።

ሕዝበ ውሳኔ ለእኛ ባዕድ አይደለም። መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. እዚሁ በሰሜን ጎንደር በ8 ቀበሌዎች ሰው በአስተዳደር ጉዳይ ድምፅ ሰጥቷል። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ክልል ለመሆን ሲወስን 98.51 በመቶ ደግፏል። ምልክቶቹ ሻፌታ (የሲዳማ ባህላዊ የምግብ ማቅረቢያ) እና ጎጆ ነበሩ። እነዚህ ከአገር የመውጣት ጥያቄዎች አይደሉም፤ ልዩነታቸውን ልብ ይሏል። ግን አሁንም ስድስቱ ጥያቄዎች ይሠራሉ።

በአንድ ዕይታ

| ሕዝበ ውሳኔ | ጥያቄው | ለመለየት የሚበቃ ድምፅ | ውጤት | የማግሥቱ ሰነድ | በኋላ የመጣው |
|---|---|---|---|---|---|
| ኤርትራ 1985 ዓ.ም. | በጣም ግልጽ | ጥያቄ አላስነሳም | 99.8% ይለይ | ድንበርና ገንዘብ ያልተቋጨ | ከ5 ዓመት በኋላ ጦርነት |
| ኬቤክ 1995 | የተጠላለፈ | ተራ ብልጫ | 50.58% ይቆይ | ያልጠራ | የግልጽነት ሕግ |
| ሞንቴኔግሮ 2006 | ግልጽ | 55% | 55.5% ይለይ | ገንዘብና ጉምሩክ ቀድሞ የተለየ | ሰላማዊ መለያየት |
| ደቡብ ሱዳን 2011 | ግልጽ፣ በሥዕል | ተራ ብልጫ፣ 60% ተሳትፎ | 98.83% ይለይ | ነዳጅና አብዬ ያልተቋጨ | ነዳጅ መዝጋት፣ የውስጥ ጦርነት |
| ስኮትላንድ 2014 | ግልጽ | ተራ ብልጫ | 55.3% ይቆይ | ሰፊ፤ ፓውንዱ ላይ የጎደለ | ተጨማሪ ሥልጣን |
| ብሪታንያ 2016 | ቃሉ ግልጽ፣ መውጣቱ ያልተፈታ | ተራ ብልጫ | 51.9% ይውጣ | አልነበረም | ከ3 ዓመት በላይ ድርድር |

ሠንጠረዡን ሲያዩ ውጤቱን በጣት ሸፍነው አምስተኛውን ዓምድ ብቻ ያንብቡ። መጨረሻው ላይ ምን እንደተጻፈ ከዚያ መገመት ይችላሉ ማለት ይቻላል።

ለማን ምን ይሻላል?

ድንበር ላይ ለሚነግድ ወይም ለሚያርስ፦ ባንዲራውንና መዝሙሩን ለጊዜው ይተዉት። ገንዘቡ በምን እንደሚመነዘር፣ ኬላው የት እንደሚቆም፣ ከብት ለግጦሽ ሲሻገር ማን እንደሚጠይቀው የሚለው ተጽፎ እንደሆነ ይጠይቁ። ካልተጻፈ፣ ሰነዱ እስኪመጣ መቆየትን መምረጥ ለእርስዎ ያዋጣል። መጀመሪያ የሚዘጋው የእርስዎ መንገድ ነው።

ዘመዱ ከሁለት ወገን ለሆነ፦ ዜግነት የሚለውን ምዕራፍ ብቻ ያንብቡ። ጥምር ዜግነት አለ? ለመምረጥ የሚወስዱት መታወቂያ ነገ ምን ተብሎ ይተረጎማል? የኤርትራው ታሪክ በደንብ የሚነካው እርስዎን ነው።

በደል ደርሶብኛል ብሎ መውጣትን ለሚመርጥ፦ ቁስልዎን ማንም "ቁጥር አይደለም" ብሎ ሊያጣጥለው አይገባም። ሠላሳ ዓመት የተዋጋ ሕዝብ ለሒሳብ ስሌት አይቀመጥም፤ ይሄን አውቃለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። መሪዎችዎን ሰነዱን ያስጽፏቸው። ከድምፁ በፊት እጅዎ ላይ ያለ ኃይል ከድምፁ በኋላ አይኖርም።

መቆየትን ለሚመርጥ፦ "ይቆይ" ማለት "ምንም አይለወጥ" ማለት ከሆነ ጥያቄው ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ስኮትላንድን ይዩ። መቆየትን ሲመርጡ ምን እንዲሻሻል እንደሚፈልጉ ጨምረው ይናገሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመርጥ ወጣት፦ ውጤቱን ከሁሉም ሰው ረዝሞ የሚኖርበት እርስዎ ነዎት። መለየትን ቢያስቡ ሁለት ጊዜ ድምፅ እንዲሰጥ ይጠይቁ፤ አንዴ ለድርድር፣ አንዴ የተደረሰበትን ስምምነት አይቶ ለማጽደቅ። ብሪታንያ ይሄ ቢኖራት ሦስቱ ዓመት እንደዚያ ባልሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሳይመርጥ ለመቅረት ለሚያስብ፦ መጀመሪያ ደንቡን ይዩ። እንደ ደቡብ ሱዳን የተሳትፎ ወለል ካለ ቤት መቅረት እንደ ድምፅ ይሠራል። ወለል ከሌለ ግን መቅረት ለሌላው መወሰንን መተው ነው። ካታሎኒያ በጥቅምት 2017 የስፔን ፍርድ ቤት ያገደው ድምፅ ሲሰጥ መውጣቱን የሚቃወመው አብዛኛው ቤቱ ቀረ። 43 በመቶ ገደማ መራጭ ወጥቶ 90 በመቶው ይለይ አለ። የቀረው ሰው ምን እንዳሰበ ቆጣሪው አይመዘግብም።

ጊዜ ለሌለው፦ አንድ ምሽት ብቻ ካለዎት ጥያቄውን ራሱን ቃል በቃል ያንብቡ፤ ከዚያ አራተኛውን መመዘኛ ብቻ ይመልሱ። አንድ ሳምንት ካለዎት የማይስማሙበትን አንድ ሰው ቡና ይጋብዙና ስድስቱንም አብረው ይለፉ። አንድ ወር ካለዎት ድንበር አካባቢ የሚኖር ሰው ፈልገው ይጠይቁ። እኔ አክስቴን መጠየቅ የጀመርኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

ለአጎቴ ልጅም ይህንኑ ላክሁለት። ለጊዜው የሚመርጠው ነገር የለም። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኅዳር 2022 ስኮትላንድ ያለ ለንደን ፈቃድ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ መጥራት አትችልም ብሏል። ቢሆንም ስድስቱን ጥያቄዎች እሱና ሚስቱ ለየብቻ በወረቀት እንዲመልሱ ነገርኩት። እሑድ ደወለ። አምስቱ ላይ ሁለቱም ሙሉ ገጽ ጽፈዋል፤ አንዱም መልስ አይመሳሰልም። አራተኛውን ሁለቱም ባዶ ትተውታል።